«ዩ» እና አንቱታ፦ የአንዲት እንግሊዝኛ ተውላጠ ስም ታሪክና ለተርጓሚ የምትተወው ጣጣ

«እንግሊዝ አክብሮት አያውቅም፤ ንጉሡንም ለማኙንም አንተ ነው የሚለው» የሚል አነጋገር በአገራችን የተለመደ ነው። አነጋገሩ ለነቀፌታም ለአድናቆትም ይውላል። ነቃፊው ፈረንጅ ታላቅና ታናሽ አይለይም ለማለት ይጠቅሰዋል፤ አድናቂው ደግሞ የእኩልነት ምልክት አድርጎ ያነሣዋል። ሁለቱም የሚነሡት «ዩ» የምትባለውን ተውላጠ ስም «አንተ» ብሎ ከመፍታት ነው። የቃሏ ታሪክ ግን የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው። እንግሊዝኛ የጣለው አንቱ ማለትን ሳይሆን አንተ ማለትን ነው። «ዩ» በትውልዷ የብዙ ቁጥር፣ በዕድገቷ የአክብሮት ቃል ናት፤ ንጉሡንም ለማኙንም የሚያናግር የዛሬ እንግሊዛዊ፣ በታሪክ ዐይን ከታየ፣ ሁለቱንም አንቱ እያለ ነው።

ጉዳዩ የቋንቋ ታሪክ ወዳዶች ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ መጽሔት ባላቀረብሁት ነበር። ነገር ግን በትርጉም ኮርስ ተማሪዎቼ የሚያቀርቧቸውን ሥራዎች ሳነብ የማየው ተደጋጋሚ ችግር ከዚህ የሚመነጭ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ችግሩ ባለ ሁለት ፊት ነው። አንደኛ፣ በዘመናዊ ድርሰት ውስጥ «ዩ» በመጣች ቁጥር ያለ ማመንታት «አንተ» ወይም «አንቺ» ይባላል፤ አማቱን የሚያነጋግር ሙሽራና ውሻውን የሚያነጋግር እረኛ በአንድ ቃል ይናገራሉ። ሁለተኛ፣ በቆየ ድርሰት ውስጥ «ዛው» የሚለው ጥንታዊ ቃል ሲመጣ፣ ቃሉ ለጆሮ የከበደና መጽሐፍ መጽሐፍ የሚሸት ስለሆነ፣ ተማሪው አክብሮት መስሎት «እርስዎ» ይለዋል። በዚህ አኳኋን የተተረጐመ የሼክስፒር ትዕይንት የሰዎቹ ግንኙነት ላይ ታች ሆኖ ይገለበጣል፤ ጌታው ለአሽከሩ ይሽቆጠቆጣል፣ አሽከሩም ጌታውን ይደፍራል።

ከሺህ ዓመት በፊት የነበረው እንግሊዝኛ ለአንድ ሰው «ዙ»፣ ለብዙ ሰዎች «ዬ» ይል ነበር፤ ለሁለት ሰዎች ብቻ የሚያገለግል «ዪት» የሚባል ሦስተኛ ተውላጠ ስምም ነበረው፤ ይህ ግን ቀድሞ ጠፋ። «ዙ» በጊዜ ብዛት «ዛው» ሆነ፤ «ዬ» ደግሞ «ዪ» ሆነ። «ዩ» በዚህ ዝርዝር ውስጥ እስካሁን አልተጠቀሰችም፤ ምክንያቱም ባለቤት አልነበረችም። የመጣችው «ኤኦው» ከሚለው የብዙ ቁጥር ተሳቢ ነው። በእኛ ቋንቋ ቢሆን «እናንተን» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ «እናንተ»ን ከወንበሩ አስነሥቶ «እናንተን መጣችሁ» እስከ መባል ቢደርስ እንደ ማለት ነው። ይህ ለውጥ በ15ኛውና በ16ኛው መቶ ዓመት ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ «ዪ»ን ለባለቤት፣ «ዩ»ን ለተሳቢ ለይቶ ይዟል፤ በዚያን ጊዜ ግን በመንገድና በገበያ የሚነጋገረው ሕዝብ ልዩነቱን ትቶት ነበር።

የብዙ ቁጥር ተውላጠ ስም እንዴት ለአንድ ሰው ክብር ዋለ? ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ቅርርብ ተውላጠ ስሞች በሚያወሳው ጥናታቸው፣ ነገሩን ወደ ሮም ቤተ መንግሥት ይወስዱታል። ላቲን ተናጋሪዎች ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ንጉሠ ነገሥቱን በብዙ ቁጥር ማናገር ያዙ፤ ልማዱ ወደ ፈረንሳይኛ ወረደ፤ እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ቋንቋ በመሆኑ፣ ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንግሊዝኛም በዚያው ፈሊጥ መናገር ጀመረ። ባለጠጋ ለባለጠጋ «ዩ»፣ ባለጠጋ ለድኻ «ዛው»፣ ድኻ ለባለጠጋ «ዩ»፣ ድኻ ለድኻ «ዛው» ይባባሉ ጀመር።

አማርኛ ተመሳሳይ ዓላማውን የፈጸመው በሌላ መንገድ ነው። «እርስዎ» ከግዕዙ «ርእስ» የወጣ፣ ሰውዬውን በቀጥታ ሳይሆን «ራስዎ» ብሎ ዞሮ የሚጠራ ቃል ነው። ግሱንም ብንመለከት «እርስዎ መጡ»፣ «እሳቸው መጡ»፣ «እነሱ መጡ» ስንል መልኩ አንድ ነው። እንግሊዝኛ አንዱን ሰው ያከበረው እንደ ብዙ ሰዎች ቆጥሮ ነው፤ አማርኛ ግን ከማብዛቱም በላይ ከፊቱ አርቆ በሦስተኛ መደብ አስቀምጦታል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የግሱ ምስክርነት ነው። ዛሬ አንድ እንግሊዛዊ ልጁን «ዩ አር» ሲለው ግሱ የብዙ ቁጥር ግስ ነው፤ በነጠላ «ዩ ኢዝ» ማለት ነውር ሆኖ ይቆጠራል። አንድ ሰው ፊት ቆሞ በብዙ ቁጥር ግስ መናገር ምን ማለት እንደ ሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

እስካሁን የተባለው ደረቅ የሰዋስው ታሪክ ነው። ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ቁም ነገሩ የሚጀምረው ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን በኖሩባቸው ዓመታት፣ በተለይም በ1600 ዓመት አካባቢ ነው። በዚያን ዘመን «ዩ» እና «ዛው» እንደ ካባና እንደ እጀ ጠባብ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ተሰፍተው የሚቀሩ አልነበሩም። አንዱ ተናጋሪ ለአንዱ ሰው በአንድ ንግግር ውስጥ ሲለዋውጣቸው ይታያል፤ መለወጡም ራሱን የቻለ መልእክት ነው። በእኛም ዘንድ ጠብ መጀመሩ የሚታወቀው ከስድቡ በፊት ነው፤ ሲከባበሩ የቆዩ ሁለት ሰዎች «አንተ» ሲባባሉ የሰማ ጎረቤት ለመገላገል ይነሣል።

ለዚህ ከፍርድ ቤት የተገኘ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1603 ሰር ዋልተር ራሌይ በአገር ክህደት ተከሶ በዊንቸስተር ሲቀርብ፣ ዐቃቤ ሕግ የነበረው ኤድዋርድ ኩክ በንዴት ከሃዲ ብሎ ከመስደቡም በላይ፣ «ዛው»ን እንደ ግስ አርብቶ፣ አንተ እያልሁህ ነው የሚል መልእክት ያለው ቃል ወረወረበት። የመኳንንት ወገን ለሆነ ሰው ከስድቡ ይልቅ ተውላጠ ስሙ እንደሚከፋ ኩክ ያውቃል። ሼክስፒርም ከዚህ ጥቂት ቀደም ብሎ በጻፈው «ዐሥራ ሁለተኛው ሌሊት» በተባለው አስቂኝ ተውኔቱ፣ ቶቢ የተባለው ሰካራም ባላባት ፈሪ ወዳጁ ለባላንጣው የጠብ ደብዳቤ ሲጽፍ ሦስት ጊዜ ያህል «ዛው» ቢለው መልካም እንደሚሆን ሲመክረው እናያለን። ተመልካቹ የሚስቀው ምክሩ እውነተኛ ስለሆነ ነው።

ከሁሉ የሚልቀው ማስረጃ ግን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሳቸው የሼክስፒር ተውኔቶች በአንዱ፣ በ«ሐምሌት» ውስጥ ያለው የእናትና የልጅ ትዕይንት ይመስለኛል። የሦስተኛው ገቢር አራተኛ ትዕይንት ነው። ንግሥቲቱ ልጇን ወደ እልፍኟ አስጠርታለች፤ ልትገሥጸው ነው። በ«ዛው» ትጀምራለች፤ አባትህን አስቀይመሃል ትለዋለች፤ «አባትህ» ያለችው የእንጀራ አባቱን ነው። «ዛው» እዚህ ላይ ንቀት አይደለም፤ የእናት አፍ ነው። ልጁ የእርስዋኑ ዐረፍተ ነገር እንዳለ አንሥቶ ሁለት ነገር ብቻ ይለውጣል። «አባትህ» የነበረው «አባቴ» ይሆናል፤ ያም የሞተው ንጉሥ ነው። «ዛው» የነበረው ደግሞ «ዩ» ይሆናል። ልጅ ለእናቱ በወጉ የሚለውን ብሏል፤ ነገር ግን ወጉን የጠበቀው ክሱን ለማሳል ነው። ንግሥቲቱ ነገሩ ገብቷታል፤ በሚቀጥለው ቃሏ «ዛው»ን ትታ ወደ «ዩ» ትሻገራለች። ይህች «ዩ» አክብሮት ልትሆን አትችልም። እናት ልጇን ከእቅፏ አውርዳ እንደ እንግዳ ፊት ለፊት ስታቆመው ነው። ወዲያው ደግሞ የልጅዋ ሁኔታ ሲያስፈራትና ሊገድለኝ ነው ብላ ስትጮኽ «ዛው» ይመለሳል፤ ልብዋ መሰንጠቁን ስትነግረውም በ«ዛው» ነው። ሐምሌት በበኩሉ እናቱን በዚያ ሁሉ የመረረ ንግግር በ«ዩ» ይዞ ሲዘልቅ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ወግቶ የጣለውን የፖሎንየስን ሬሳ ግን በ«ዛው» ይሰናበተዋል።

ይህን ትዕይንት «ዩ»ም «ዛው»ም «አንተ» እና «አንቺ» ናቸው ብሎ የሚተረጉም ሰው ቃላቱን ሁሉ በትክክል ፈትቶ ጠቡን ሊያጣው ይችላል። የሚገርመው አማርኛ ለዚህ ቦታ የተሟላ መሣሪያ ያለው መሆኑ ነው። ልጁ «እርስዎ» ሊላት ይችላል። እናቲቱም በሁለተኛው ቃሏ እንደ ማንኛዋም የተቆጣች ኢትዮጵያዊት እናት «እርስዎ ጌታዬ» ብላ በምጸት ልትመልስለት ትችላለች፤ አምሽቶ ለገባ ልጅ «አሁን ገና መጡ?» የምትል እናት የንግሥት ገርትሩድን ሰዋስው ታውቀዋለች። ፍርሃቱ ሲመጣ «አንተ» ሳይጠራ ይመለሳል። የእንግሊዝ ተመልካች ዛሬ በመዝገበ ቃላትና በግርጌ ማስታወሻ የሚደርስበትን ለውጥ የእኛ ተመልካች በጆሮው ብቻ ሊይዘው ይችላል ማለት ነው። በዚህ ረገድ አማርኛ ለሼክስፒር ዘመን እንግሊዝኛ ከዛሬው እንግሊዝኛ ይልቅ ይቀርበዋል ብል ማጋነን አይመስለኝም። «ንጉሥ ሊር»ንም የሚያነብ ሰው በመጀመሪያው ትዕይንት ታማኙ ኬንት የንጉሡን ስሕተት መሸከም ሲያቅተው በድንገት ወደ «ዛው» ሲወርድ ያገኘዋል። መኰንን ንጉሡን በአደባባይ አንተ አለው፤ ለመሰደዱ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያሻም።

«ዛው»ን ከአደባባይ እንግሊዝኛ ምን አጠፋው? በከተማ ኑሮ ማን ከማን እንደሚበልጥ በልብስና በአነጋገር መለየት እያስቸገረ ሲሄድ፣ ለማያውቁት ሰው «ዩ» ማለት ከጠብ ይጠብቃል። አንቱ ያሉት ሰው አይቀየምም፤ አንተ ያሉት ግን ሊቀየም ይችላል። ስለዚህ «ዩ» እንደ ጥንቃቄ ተስፋፋች፤ በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ መደበኛው እንግሊዝኛ «ዛው»ን ለጸሎት፣ ለግጥምና ለገጠር ትቶት ነበር። በሰሜን እንግሊዝ ገጠሮች ግን በአፍ ንግግር ብዙ ዘመን ኖሯል።

በዚሁ ዘመን የቃሉን መጥፋት የተቃወመ አንድ ወገን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1624 እስከ 1691 የኖረው ጆርጅ ፎክስና ኩዌከር የሚባሉት ተከታዮቹ ሰውን ሁሉ፣ ዳኛውንም ሹሙንም፣ «ዛው» እንላለን ብለው ተነሡ። ምክንያታቸው ሃይማኖታዊም ሰዋስዋዊም ነበር። አንድን ሰው ብዙ ነህ ማለት ውሸት ነው፤ ውሸቱም ትዕቢተኛውን መሸንገያ ነው፤ እግዚአብሔርን በነጠላ እየጠሩ ሰውን በብዙ ቁጥር ማክበር ደግሞ የባሰ ነው የሚል ነው። በዳኛ ፊት ባርኔጣ አላወልቅም ማለት ከዚህ ጋር ተደምሮ ድብደባና እስራት አስከተለባቸው።

ፎክስ ከጆን ስተብስና ከቤንጃሚን ፈርሊ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1660 ስለዚሁ ጉዳይ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። አርእስቱ በግርድፉ ሲመለስ መምህራን ነጠላና ብዙን የሚማሩበት የፊደል ገበታ ማለት ነው፤ ሊቃውንቱን ገና ፊደል ያልቆጠሩ ሕፃናት ናችሁ ማለቱ ነው። መጽሐፉ «ዩ»ን ለአንድ ሰው ማለት የመጣው ከሮም ጳጳስ ነው እስከ ማለት ይደርሳል። የክርክሩ ስልት ልዩ ልዩ ቋንቋዎችን እየጠሩ ነጠላና ብዙን እንደሚለዩ ማስመስከር ነው፤ ላቲንና ግሪክ፣ ዕብራይስጥና ሱርስት፣ ዐረብኛና ቅብጥኛ ይጠራሉ። ከተጠሩት ምስክሮች መካከል በአርእስት ገጹ ላይ «ኢትዮጲክ» ተብሎ የተጻፈው ግዕዛችን ይገኛል። ግዕዝ በለንደን ኅትመት እንግዳ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. ከ1654 እስከ 1657 በወጣው በብራያን ዋልተን የብዙ ቋንቋዎች መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መዝሙረ ዳዊትና ሐዲስ ኪዳን በግዕዝ ታትመው ነበር። ለክርክሩም ከግዕዝ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። ግዕዝ ለአንድ ወንድ «አንተ»፣ ለአንዲት ሴት «አንቲ»፣ ለብዙ ወንዶች «አንትሙ»፣ ለብዙ ሴቶች «አንትን» ይላል፤ «እርስዎ» የሚል የተለየ የአክብሮት ተውላጠ ስም የለውም። አማርኛን፣ የዛሬውን አማርኛ፣ ቢጠሩት ኖሮ ግን ምስክራቸው ለተከሳሹ ወገን በተናገረ ነበር። ደግነቱ ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስው ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1698፣ ፎክስ ከሞተ ከ7 ዓመት በኋላ ነው።

ፎክስ ተሸነፈ፤ ሰው ሁሉ «ዩ» ሆነ። የጥንቱ «ዛው» በጸሎት ቤት ብቻ በመቅረቱ ከጊዜ በኋላ የዕጣን ሽታ አገኘ። የቅርብ ወዳጅ፣ የልጅና የአሽከር መጠሪያ የነበረው ቃል የእግዚአብሔር መጠሪያ ብቻ መሰለ። እ.ኤ.አ. በ1952 ተሟልቶ በአሜሪካ የወጣው የተሻሻለው እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሰዎችን ሁሉ በ«ዩ» እያናገረ «ዛው»ን ለእግዚአብሔር ብቻ ለይቶ አስቀረ፤ በ1611 ዓመቱ ትርጉም ውስጥ ግን ሰይጣንም «ዛው» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው አዲስ እትም ይህም ልዩነት ተነሣ። የእኛ ተማሪ «ዛው»ን «እርስዎ» ለማለት የሚገፋፋው ይኸው ዘግይቶ የመጣ ክብር ነው። ከዚህ ይልቅ የራሱን ጸሎት ቢያስብ ይረዳዋል፤ በአማርኛም በግዕዝም እግዚአብሔር «አንተ»፣ እመቤታችንም «አንቺ» ትባላለች፤ ማንም እንደ ድፍረት አይቆጥረውም።

ነጠላው በመጥፋቱ የተፈጠረውን ክፍተት ተናጋሪዎች በየአቅጣጫው ለመድፈን ሞክረዋል። በ18ኛው መቶ ዓመት ብዙ ሰው ለአንድ ሰው «ዩ ወዝ» እያለ ቢያንስ በግሱ ነጠላውን ሊያድን ሞክሮ ነበር፤ ሮበርት ላውዝ እ.ኤ.አ. በ1762 ባወጣው ሰዋስው ከባድ ጥፋት ብሎ አወገዘው፤ ትምህርት ቤቱም ውግዘቱን ተከተለ። ሌሎች ደግሞ ብዙውን በአዲስ መልክ ሠሩ። የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች «ያል»፣ የአይሪሾች ወገን «ዩዝ»፣ ብዙው ወጣት «ዩ ጋይዝ» ይላል። በአየርላንድ ጥንታዊቷ «ዪ» ዛሬም አለች።

ለተርጓሚ የሚቀረው ዋናው ጥያቄ ግን አክብሮቱ ወዴት ሄደ የሚለው ነው። እኔ እንደማየው ከተውላጠ ስሙ ወጥቶ ወደ ስምና ወደ ማዕረግ ተዛውሯል። በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ሁለት ሰዎች የሚቀራረቡት ከ«ዩ» ወደ «ዩ» አይደለም፤ ከ«ሚስተር» ወደ መጠሪያ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1813 በታተመው የጄን ኦስተን «ኩራትና መሠረተ ቢስ ጥላቻ» ውስጥ ሚስዝ ቤኔት አምስት ሴት ልጆች የወለደችለትን ባልዋን «ሚስተር ቤኔት» ብላ ነው የምትጠራው። በዚህ አጠራር ውስጥ ያለችውን «ዩ» «አንተ» ብሎ መተርጐም መጽሐፉን አለማንበብ ነው። ባልዋን አንቱ እያለች የኖረች የቀድሞ ዘመን የእኛ እመቤት ለተርጓሚው ትክክለኛዋ መንገድ መሪ ናት። እንግዲህ ተማሪ አንድ ልብ ወለድ ሲይዝ አስቀድሞ ማን ማንን በምን ስም እንደሚጠራ በወረቀት ዘርዝሮ፣ አጠራሩ የተለወጠበትን ገጽ ምልክት እንዲያደርግ አደርጋለሁ። «አንቱ አትበለኝ፣ ታስረጀኛለህ» የሚባልበት ቅጽበት በእንግሊዝኛውም አለ፤ የሚገኘው ግን «በስሜ ጥራኝ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው።

ሌላም «ዩ» አለች፤ ማንንም የማትጠራ። «በዚህ አገር ዝናብ ሲዘንብ ዩ ጃንጥላ ትይዛለህ» ዓይነት አነጋገር የሚያነጋግረው ሰሚውን አይደለም፤ ማንኛውንም ሰው ነው። አማርኛ «ምን ታደርገዋለህ!» ሲል ይህንኑ ያደርጋል፤ ነገር ግን አዘውትሮ የሚመርጠው «ሰው» ወይም «ይያዛል፣ ይባላል፣ አይደረግም» የሚለውን ተደራጊ ግስ ነው። ተማሪው ሽማግሌ ገጸ ባሕርይ ፊት ቆሞ ይህችን «ዩ» «አንተ» ካላት ስድብ ይሆንበታል፤ «እርስዎ» ካላትም ጠቅላላው አነጋገር ወደ አንድ ሰው ይወርድበታል። «ሰው ዣንጥላ ይይዛል» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

በወንጀል ልብ ወለዶች ላይ የሚገጥመው ችግር ደግሞ እስካሁን አጥጋቢ መፍትሔ ያላየሁለት ነው። በስልክ የሚዝት ወይም ስሙን ሳይጽፍ ደብዳቤ የሚልክ ሰው አለ እንበል፤ ወንድ ይሁን ሴት መታወቅ የሚገባው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። በእንግሊዝኛ «ዩ» ጾታ ስለሌላት መልስ የሚሰጠው ገጸ ባሕርይ ምሥጢሩን ሳያወጣ እንደ ልቡ ይናገራል። በአማርኛ «አንተ» ወይም «አንቺ» ባለ ጊዜ መጽሐፉ አለቀ። «እናንተ» ቢባል ብዙ ወንጀለኞች ይመስላሉ። ጾታን የሚሸሽግ ነጠላ ተውላጠ ስም ያለን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «እርስዎ»። ባለፈው ሰሞን አንዲት ተማሪ ይህንኑ መርጣ አቀረበች። ምሥጢሩም ተጠበቀ፤ ትርጉሙን ያነበቡት ጓደኞቿ ግን ነፍሰ ገዳይ ስለ ምን አንቱ እንደሚባል ሊገባቸው ስላልቻለ፣ ገና በሁለተኛው ምዕራፍ ወንጀለኛው የደብሩ አስተዳዳሪ ሳይሆን አይቀርም ብለው ጠረጠሩ።